ፍርሃቴን ይዤ ሊማሊሞን ወረድሁ

ወደ ዛሪማ የሄድሁት እዚያ ያገባችው ልጄ ፎዚያ የወለደችውን የመጀመሪያ ልጅ ለማየት ነው። መንገዱ ሩቅ የሚባል አይደለም። በማለዳ ከጎንደር የተነሣ ሰው፣ መኪናው ካልተበላሸበት፣ ከሰዓት በኋላ ዛሪማ ገብቶ ዘግየት ያለ ምሳውን ይበላል። እኔ ግን ለመድረስ ወራት ፈጀብኝ። ሕፃኑ ተወልዶ፣ ስም ወጥቶለት፣ ያለ ደገፋ መቀመጥ ከጀመረ በኋላ ነው ያየሁት። ይህን የምጽፈው የዘገየሁበት ምክንያትና በመጨረሻ የደረስሁበት መንገድ ሌላ ሰውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

ስሜ ዘምዘም ነው። ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለን። አያቴም አባቴም እዚያው ሰፈር ነግደው ነው የኖሩት። እኔም ከወጣትነቴ ጀምሮ ጨርቅ እየጫንሁ እስከ አዲ አርቃይ ገበያ ድረስ ሄጃለሁ፤ ሊማሊሞን ስንት ጊዜ እንደወጣሁና እንደወረድሁ አላውቀውም። ሊማሊሞ ከደባርቅ ከተማ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርደው፣ ጣሊያን በገደል ወገብ ላይ የቆረጠው ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን መንገዱ ገና ጠጠር ነበር።

ፎዚያ ከማርገዟ በፊት አንድ ቀን በዚህ መንገድ ስንወርድ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሾፌሩ ልበ ሙሉ ሰው ነበር፤ መኪናውን ከገደሉ አርቆ ከተራራው ግድግዳ ጋር እያፋጨ አቆመው። የሞተ ሰው የለም። እኔም ክንዴ ተጫረ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰብኝም። እንዲያውም በዚያው ቀን በሌላ መኪና ዛሪማ ገብቼ፣ ገበያዬን ጨርሼ፣ በሦስተኛው ቀን ተመለስሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝም እየሳቅሁ ነበር የምነግረው።

ፍርሃቱ የመጣው ከሳምንታት በኋላ፣ ያውም በሜዳ መንገድ ላይ ነው። ከፒያሳ ወደ ማራኪ በሚሄድ ሚኒባስ ተቀምጬ ሳለ ደረቴ ተጨነቀ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ የምሞት መሰለኝ። ወርጄ በእግሬ ሄድሁ። በሌላ ቀን ሞከርሁ፤ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ መኪና መሳፈር ተውሁ። ሆስፒታል ሄጄ ልቤን መረመሩኝና ጤነኛ ነው አሉኝ። ሼኻችን በላዬ ቁርኣን እያነበቡ ቀሩብኝ። ሲቀሩብኝ ውስጤ ይረጋል፤ የመኪና በር ሳይ ግን እግሬ ይታሰራል። በዚህ መሀል ፎዚያ አረገዘች። በእኛ ልማድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ሐኪም ግን በዚያ መንገድ እንዳትጓዝ ከለከላት፤ እኔም መሄድ አቃተኝና ዛሪማ ወለደች። የፎዚያ አባት፣ ባለቤቴ፣ ነገሩ አሳፍሮት ለአማቾቻችን «ጉልበቷን አሟት ነው» ብሎ ነገራቸው።

ከመነሣቴ በፊት

ልቤን የመረመረኝ ሐኪም ነው ወደ ትዕግሥት የላከኝ። ትዕግሥት የምክር ባለሙያ ናት። ያን ጊዜ አራዳ ውስጥ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትሠራ ነበር። በዕድሜ ልጄ ናት። ቁጭ እንዳልሁ መድኃኒት ትሰጭኛለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«መድኃኒት እንኳ አልሰጥም» አለችኝ። «አብረን ነው የምናስበው። መንገዱንና የራስዎን ኑሮ እርስዎ ያውቁታል። ፍርሃት እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ እኔ ተምሬያለሁ። ሁለቱን ስናገናኝ አንድ ነገር ይወጣዋል። ለመሆኑ ምን ቢሆንልዎ ይወዳሉ?»

«የልጅ ልጄን ባይ።»

«እንግዲያው ከዚያ እንጀምር።»

ሥራችን ብዙ ምሥጢር የሚያስቆፍር ነገር አልነበረውም። ፍርሃት ሽቅብ ሲወጣ ማለቂያ የሌለው ይመስላል፤ ሳይሸሹት ከቆዩ ግን በራሱ ይበርዳል አለችኝ። «እርስዎ ሁልጊዜ እሱ ሳይበርድ ከመኪናው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሲበርድ አይተውት አያውቁም» አለች። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ሥራውን ከፋፍለን አወጣነው። መጀመሪያ መናኸሪያ ሄጄ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ። ቀጥሎ ከከተማ ወጣ ብላ እስካለችው ወለቃ ድረስ ደርሶ መመለስ። ፍርሃቴን ከአሥር ስንት እንደሆነ እየመዘንሁ ለእሷ መንገር። አንዳንዱን ሐሳብ እሷ ታመጣለች፣ አንዳንዱን እኔ። የቆመ መኪና ውስጥ ስቀመጥ ረዳቶቹ «እትዬ፣ አንሄድም እኮ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም እንደማይሄድ አውቄ ነው የገባሁት እላቸው ነበር።

ወለቃ ደርሼ መመለስ በቻልሁበት ሰሞን የትዕግሥት ባል ሥራ ተቀይሮ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አበቃ ብዬ ነበር። እሷ ግን ስማርት ስልክ ካለኝ በቪዲዮ መቀጠል እንደምንችል ነገረችኝ። ስልኩን ከወንድሜ ወሰድሁ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ፣ ለምሳ ሱቅ ሲዘጋ፣ ከጓዳ በጣቃ ጨርቆች መካከል ተቀምጬ እናወራለን። መጀመሪያ ላይ ከስልክ ጋር ማውራት ከባድ ነበር፤ ስልኩን በጣም አስጠግቼ ስለምይዘው ግንባሬን ብቻ ነበር የምታየው። ኔትወርክ ሲጠፋ ፊቷ አፏን እንደከፈተች ይቀራል፣ ድምፁ ተቆራርጦ ይመጣል። ቢሆንም ሠራ። ከፎቅ ቤቷ ይልቅ በጓዳዬ መናገር ቀለለኝ፤ ደረጃ ስወጣ የሚያየኝ ሰውም አልነበረም።

ስለ ጉዞው አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። እሷ መጀመሪያ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ብቻ ሄጄ እንድመለስ ፈለገች። እኔ ደግሞ ከመንገድ አንዴ ከተመለስሁ ዳግም እንደማልነሣ ራሴን አውቃለሁ። ብዙ ተነጋገርንበት። በመጨረሻ ደባርቅ ላይ አድሬ በማግሥቱ ጠዋት ከእሷ ጋር በስልክ ተነጋግሬ ሊማሊሞን እንድወርድ ተስማማን። ሦስት ነገር ቃል ገባሁላት። ለአንድ ሰው መፍራቴን እናገራለሁ። ስለ ፍሬን ሾፌሩን አንድ ጊዜ ብቻ እጠይቃለሁ፤ እየደጋገሙ መጠየቅ ፍርሃትን ይቀልበዋል ትላለች። ፍርሃቱ ሲያይልብኝ ደግሞ ልሂድ ወይም ልመለስ ብዬ አልወስንም፤ እስኪበርድ እጠብቃለሁ።

ጎንደር፣ ማለዳ

መናኸሪያ የደረስሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። ባለቤቴ ቦርሳዬን ይዞ ሸኘኝ። ለፎዚያ ቅቤና ማር፣ ለሕፃኑ ልብስ፣ ለራሴ በሶ ይዣለሁ። ባለቤቴ ሚኒባሱን ዞሮ ጎማዎቹን ሁሉ በእግሩ መታ መታ እያደረገ አየ። ረዳቱ «አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ» እያለ ይጣራል። ዋጋው እስከ ደባርቅ ሃምሳ ብር ነበር። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ፍርሃቴ ከአሥር አምስት ነበር።

ከአጠገቤ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ የወገራ ገበሬ ተቀመጡ። አያ ካሴ ይባላሉ። ጎንደር ሆስፒታል የተኛች እህታቸውን ጠይቀው ወደ አምባ ጊዮርጊስ መመለሳቸው ነበር። መኪናው ሳይነሣ ጀምሮ የፊቱን ወንበር ጨብጬ መያዜን አይተዋል።

«ምነው እቴ፣ ያምምሻል?» አሉኝ።

ለአንድ ሰው ለመንገር ቃል ገብቻለሁና ተናገርሁ። «አያ፣ ደህና ነኝ። መኪና ስለሚያስፈራኝ ነው።»

«ታዲያ ምነው ተሳፈርሽ?»

«የልጄን ልጅ ለማየት።»

«ሸጋ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍርሃቴ አላነሡም፤ ስለ እህታቸው ሕመምና ስለ ገብሱ ይነግሩኝ ጀመር።

ወለቃን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች ዕቃቸውን ከመንገዱ ዳር ይደረድራሉ። እናቴ ድስትና ጀበና ከዚህ መንደር፣ ከቤተ እስራኤል ሴቶች ነበር የምትገዛው። እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ሥራውን ሌሎች ይዘውታል። እስከዚህ ድረስ መንገዱን በልምምድ አውቀዋለሁ። ከወለቃ በኋላ ያለው ግን ከዚያ አደጋ ወዲህ ያላየሁት ነው።

ኮሶዬና አምባ ጊዮርጊስ

መንገዱ አስፋልት ስለሆነ መኪናው አይንገጫገጭም። ኮሶዬ ላይ ግን ዳገቱ አልቆ በድንገት ቆላው ወለል ይላል፤ ተራራው ከሥር ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል። ያን ሳይ ደረቴ ተጨነቀ፣ እጄ ላብ በላብ ሆነ። ስምንት ነው አልሁ በልቤ። ትዕግሥት እንዳስተማረችኝ ትንፋሼን በዝግታ እያስወጣሁ የማየውን በስም መጥራት ጀመርሁ። ባሕር ዛፍ። ሁለት አህዮች። ጤፍ የጫነ ጋሪ።

«ጤፍ አይደለም፣ ገብስ ነው» አሉኝ አያ ካሴ። ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል የምናገረው።

ጋሪው ከዐይናችን ከራቀ በኋላ ወደ አምስት ወርዶ አገኘሁት። ሲወርድ አየሁት። በቆመ መኪናና በወለቃ መንገድ ሲወርድ አይቼዋለሁ፤ በገደል አጠገብ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪናው ተሳፋሪ ለማውረድ ቆመ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ሴቶች የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ በሚጥሚጣ ይሸጣሉ። አያ ካሴ ገዝተው በመስኮት አቀበሉኝ፤ ገንዘቤን ሳወጣ ተቆጡ። «ልጅሽን አላህ ያሳድግልሽ» አሉኝ፤ ሙስሊም መሆኔን ከአለባበሴ አይተዋል። ድንቹ ትኩስ ነበር። ከዚህ እንድመለስ ትዕግሥት ፈልጋ የነበረው ይኸው ቦታ ነው። ወደ ጎንደር የሚመለሱ መኪኖች ከመንገዱ ማዶ ተደርድረዋል። አየኋቸው፣ ድንቼን በላሁ፣ መኪናችንም ተነሣ።

ደባርቅ

በዳባት በኩል መንገዱ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። ደባርቅ የገባነው ከቀትር በፊት ነበር። ብርዱ ከጎንደር ይከፋል። የያዝሁት አልጋ ሰማንያ ብር ነው፤ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አለው፣ ሙቅ ውኃ ግን በባልዲ ነው የሚመጣው። መስጊዱ አጠገብ አንድ የእስላም ምግብ ቤት አለ፤ ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሰግጄ ሩዝ በሥጋ በላሁ። ባለቤቷ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝና የአባቴን ስም ስነግራት አወቀችው፤ ሻዩን አላስከፈለችኝም።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ጥሩ ስለነበረ ከትዕግሥት ጋር ተያየን።

«ስንት ደረሰ?» አለችኝ።

«ኮሶዬ ላይ ስምንት። አሁን ሦስት።»

«ስምንት ላይ ምን አደረጉ?»

«ገብሱን ጤፍ ነው አልሁ።»

ሳቀች። ከዚያ ስለ ነገው ተነጋገርን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልትደውልልኝ፣ ድምፅዋን ሰምቼ ልሳፈር ተቀጣጠርን። ጋቢና ብቀመጥ እንደሚሻለኝ ነገርኋት፤ መንገዱን ከፊት እያየሁ ልሄድ። እሷም ተስማማች።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። የእኔ ብቻ መስሎኝ የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ ጠየቅሁ። «ከተማው በሙሉ ጠፍቷል፤ አንዳንዴ እስከ ማታ ይቆያል» አለኝ። አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ በግቢው ዞርሁ። ምንም የለም። መናኸሪያው ከሆቴሉ ፊት ለፊት ነው፤ ወደ አዲ አርቃይ የሚሄደው ቅጥቅጥ አውቶቡስ እየሞላ ነበር።

እዚያ ቆሜ ያሰብሁትን በደንብ አስታውሳለሁ። እሷ ካልደወለች አልሄድም ብል የሚከፋብኝ ሰው የለም፤ በቂ ምክንያት ነው። ግን ብትደውል ምን ትለኛለች? ምን ተነጋግረን ነበር፣ ምን እናድርግ ይሻላል ብላ ትጠይቀኛለች እንጂ ሌላ የምትለው እንደሌለ አውቀዋለሁ። መልሱን ደግሞ እኔ ነኝ የምሰጣት። ቦርሳዬን አንሥቼ መንገዱን ተሻገርሁ።

ጋቢና ተይዟል። የቀረው መሐል ላይ ያለ ወንበር ነው። ሾፌሩን ጠየቅሁት፦ «ፍሬንህ ደህና ነው?»

«ትናንት ነው የታየው እናት» አለኝ።

አንዱ ጥያቄዬ እዚያ አለቀ።

ሊማሊሞ

ከጎኔ የተቀመጠችው ማሬ የምትባል የአዲ አርቃይ ሴት ናት። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ገና እንደተቀመጥሁ፣ «እንግዳ ነሽ መሰል፣ አገሩን እያየሽ ሂጂ» ብላ የመስኮቱን ቦታ ለቀቀችልኝ። እምቢ ለማለት አፈርሁ። መስኮቱ በገደሉ በኩል ነበር።

ከደባርቅ ወጥቶ አስፋልቱ ሲያልቅ መንገዱ ወዲያው ይወርዳል። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንኳኳል። ሲታጠፍ የአውቶቡሱ አፍንጫ ወደ ባዶው ይወጣና ይመለሳል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፣ መኪናውን ዞረውም አያዩ። ከማዶ ሰማይ የሚነኩ ሾጣጣ ተራሮች ይታያሉ። እኔ ግን ዘጠኝ ላይ ነበርሁ። አፌ ደርቋል። ጆሮዬ ውስጥ የልቤን ምት እሰማለሁ።

ማሬ ወደ እኔ ዞረች። «ያቅለሸልሽሻል?»

«አይ። ከዚህ በፊት እዚህ መንገድ ላይ ፍሬን የከዳው አውቶቡስ ውስጥ ነበርሁ። እፈራለሁ።»

«ታዲያ ምነው ቀድመሽ አትነግሪኝም! እኔ የመስኮቱን ቦታ ባልሰጠሁሽ።» ተነሥታ ቦታ ተለዋወጥን። ከዚያ እጇን በጭኔ ላይ አኖረችልኝ። «ያዥው ከፈለግሽ» አለችኝ። ያዝሁት።

ቁልቁለቱን አጋምሰን መኪናችን ቆመ። ከፊታችን አንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ተበላሽቶ ጠመዝማዛው ላይ መንገዱን ዘግቶታል። ሁላችንም ወረድን። ሾፌሮቹና ወንዶቹ ድንጋይ እያቀበሉ፣ ጎማ እየደገፉ፣ መኪናውን ወደ ግድግዳው ለማስጠጋት ይታገላሉ። እግሬ መሬት ሲነካ የተሰማኝን እፎይታ መደበቅ አልችልም። አደጋው የደረሰበት ቦታ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ የትኛው መታጠፊያ እንደሆነ ግን መለየት አልቻልሁም። ሁሉም ይመሳሰላሉ።

ከታች የመጣ አንድ ፒካፕ መኪና ከሲሚንቶው መኪና ጎን በጠባቡ ሾልኮ አለፈና ከእኛ ዘንድ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጎንደር አንድ ሰው እወስዳለሁ» አለ። ጋቢና ባዶ ነው። ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ወደ ቤት። ወደ መኪናው ሄጄ የበሩን እጀታ ያዝሁ።

«ትሄጃለሽ እናት?» አለኝ።

ያኔ ፍርሃቴ አሥር ነበር። አሥር ላይ ሆኜ ላልወስን ተስማምቼ ነበር። ይህ ደፋር የሚያሰኘኝ ነገር አይደለም፤ ቀድሜ፣ ልቤ ረግቶ ሳለ ያሰብሁት ስለነበር ብቻ ትዝ አለኝ። «ትንሽ ትጠብቀኛለህ?» አልሁት።

«አልችልም፣ እቸኩላለሁ።»

«እንግዲያው ሂድ» አልሁት። አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማሬ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ልጆቿ ስንት እንደሆኑና የትኛው እንደሚያስቸግራት አጫወተችኝ። ሁለተኛው ልጇ ትምህርት ትቶ ወርቅ ልቆፍር እያለ ያበሽቃታል። እየሰማኋት ሳለ መንቀጥቀጡ ተወኝ። የሲሚንቶውን መኪና ሲያስጠጉት ስድስት ላይ ነበርሁ።

ወደ አውቶቡሱ ስንገባ ግን ቃሌን አጥፌ ሾፌሩን ዳግመኛ ጠየቅሁት።

«እናት፣ ጠዋት የነገርሁሽ ፍሬን ነው አሁንም ያለው» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

የቀረውን ቁልቁለት ዐይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ ወረድሁ። ፍርሃቴ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። እየወረድን ስንሄድ አየሩ ሞቀ፤ ነጠላዬን አወለቅሁ።

ዛሪማ

ዛሪማ ስንደርስ ገበያ ነበር። ማሽላ፣ ፍየል፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ሽንኩርት። ማሬ በመስኮት እጇን አውጥታ ተሰናበተችኝ፤ አውቶቡሱ ወደ አዲ አርቃይ ቀጠለ። የፎዚያ ባል ጀማል ከመንገዱ ዳር ሱቅ አለው። ሲያየኝ ሚዛኑን ጥሎ ሮጠ። «እማ፣ በምን መጣሽ?» አለኝ። «በመኪና ነዋ» አልሁት።

ፎዚያ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። ሳመችኝ፣ ግን እንደ እንግዳ ነው የሳመችኝ። ሕፃኑን አምጥታ አሳቀፈችኝ። ወፍራም ነው፣ ከታች ሁለት ጥርስ አብቅሏል። አዲስ ሰው ነኝና አለቀሰብኝ። አማቷ ወይዘሮ ሐዋ ምንጣፍ አነጠፉልኝ፣ ውኃ አቀረቡልኝና ጠየቁኝ፦

«ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ?»

ስለዚህ ጥያቄ ከትዕግሥት ጋር ተነጋግረንበታል። ባለቤቴን ማሳጣት አልፈለግሁም። ግን ጉልበቴ ተሻለኝ ብል ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሌላ በሽታ መፈለግ ሊኖርብኝ ነው። «ጉልበቴስ ደህና ነበር» አልኋቸው። «ያመመኝ ሌላ ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ መኪና መግባት አቃተኝ። ልቤ ይመታል፣ የምሞት ይመስለኛል። ለባለሙያ ነግሬ፣ በስልክ ስታከም ቆይቼ ነው ዛሬ የመጣሁት። አባቷ ጉልበቷን ነው ያላችሁ አፍሮ ነው።»

ወይዘሮ ሐዋ «እኔ አንዴ ወጥቼ አንዴ ወርጃለሁ ሊማሊሞን፤ ሁለቱንም በዐይነ ርግቤ ተሸፍኜ ነው» አሉና ምሳውን ሊያዩ ገቡ።

ፎዚያ ግን አልተነሣችም። ሕፃኑን ከእጄ ወሰደችው።

«እኔ እኮ ጀማልን ስላልወደድሽው ነበር የመሰለኝ» አለችኝ። «ሳገባው አልወድም ብለሽኝ ነበር። ጉልበት የሚባለውን አላመንሁም። በስልክ ስትስቂ እሰማለሁ፣ ሱቅ ቆመሽ እንደምትውይ ይነግሩኛል። እናቴ የእኔን ልጅ ልታይ አልፈለገችም ብዬ ነው የተቀመጥሁት። ስወልድ እንኳ።»

ጀማል ሩቅ አገር ስለሚኖር መጀመሪያ ላይ እንዳልፈለግሁት እውነት ነው። ግን ከተጋቡ ወዲህ ነገሩ ከልቤ ወጥቷል። የፎዚያ ልብ ውስጥ እንዳለ ግን አላወቅሁም ነበር። በፍርሃቴ የተቸገርሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርሁት።

«ወድጄዋለሁ» አልኋት። «መምጣት አቅቶኝ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ኋላ ደግሞ አባትሽ ተናገረ።»

አለቀሰች፤ አባቷን ተቆጣች፤ ከዚያ እኔን ተቆጣች። ኋላ አቀፈችኝ፤ ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። በመጀመሪያው ቀን ብዙ አላናገረችኝም። በሁለተኛው ቀን ሕፃኑን ይዤ ከጥላው ሥር ስቀመጥ መጥታ ስለ ምጧ በሙሉ ነገረችኝ፤ ማን እንደያዛት፣ ምን እንደፈራች፣ ስሜን እንደጠራች። እኔ አልመለስሁላትም፣ ሰማኋት። ዛሪማ ስልክ የሚሠራው በሱቁ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ ወጥቼ ለትዕግሥት ደወልሁና ሁሉንም ነገርኋት። «ደባርቅ ሳሉ ስልክዎ አልገባ ብሎኝ ጠዋቱን ሙሉ ስሞክር ነበር» አለች። «ኔትወርክ ቢጠፋ ምን እናደርጋለን ብለን አለማሰባችን ልክ አልነበረም። የሁለታችንም ነው፣ ይበልጡን ግን የእኔ።» ስለ ፎዚያም ምክር አልሰጠችኝም። «ምን ቢሆን ይሻላል ብለው ያስባሉ?» አለችኝ። «መስማት» አልኋት።

መልስ

አንድ ሳምንት ከርሜ ተነሣሁ። ፎዚያ እስከ መኪናው ሸኘችኝ፣ ጋቢና እንዲሰጡኝም ከሾፌሩ ጋር ተከራከረችልኝ። መውረዱን ችዬዋለሁና መውጣቱ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። መካከለኛው ጠመዝማዛ ላይ ፍርሃቱ ከመውረዱም ብሶ መጣብኝ። ሾፌሩ፣ «ልቁም እንዴ?» አለኝ። «አትቁም፣ ያልፋል» አልሁት። ቆየ እንጂ አለፈ። ደባርቅ ስንደርስ ድካሙ እንጂ ሌላ ነገር አልቀረኝም። አላደርሁም፤ በዚያው ቀን ጎንደር ገባሁ።

ባለቤቴ መናኸሪያ ጠበቀኝ። በእግራችን ወደ ቤት ስንሄድ ለአማቾቹ እውነቱን እንደነገርኋቸው ነገርሁት። ትንሽ ከሄደ በኋላ፣ «ምን አሉ?» አለ። ወይዘሮ ሐዋ ያሉትን ነገርሁት። ማታ ለፎዚያ ደወለ፤ በረንዳ ላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ አወራት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም።

ሐሙስ ከትዕግሥት ጋር ስንገናኝ ጉዞው ምን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። የተናገርሁት ብዙ አይደለም። ፍርሃቱ እንዲጠፋ ጠብቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ከአራዳ አልተነሣሁም ነበር። ሌላው ደግሞ፣ በደህና ሰዓት ከሌላ ሰው ጋር ያሰቡት ነገር በክፉ ሰዓት ብቻን ሲሆኑ ይደርሳል። ሦስተኛውን ከእሷ ሳይሆን ከልጄ ነው ያገኘሁት፤ እኔ ዝም ስል ልጄ ዝምታዬን በራሷ መንገድ ተረጎመችው።

በዚያው በጋ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ዛሪማ ወረድሁ። ስለዚያኛው ጉዞ ማስታወሻ አልያዝሁም። የሚጻፍ ነገር አልነበረውም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው የደረስሁት።